ከአሥር አራት የሰጠሁት ጊታሪስት

ጽሑፉ ይረዝማል። ጊዜ ያላችሁ ቡና አፍሉና አንብቡት፤ የቸኮላችሁ ደግሞ ነገ ትመለሱበታላችሁ። ወሬው ስለ ጊታር ነው። የድሮ ተማሪዎቼ አትፍሩ፣ ፊዚክስ አይደለም። (መሃል ላይ ትንሽ ፊዚክስ ጣል ማድረጌ አይቀርም፣ ልማድ ሆኖብኝ ነው።)

ባለፈው ሐሙስ ማታ የፈተና ወረቀት እያረምኩ ስልኬ ጮኸ። የድሮ ተማሪዬ ነው። ስሙን አልጽፍም፣ የክፍሉ ልጆች ግን ገና ሳትጨርሱት ታውቁታላችሁ። የላከልኝ ሁለት ደቂቃ የማይሞላ ቪዲዮ ነው። ኮምቦልቻ ውስጥ አንድ ሰርግ ላይ ከባንድ ጋር ቆሞ ጊታር ይጫወታል። መጀመሪያ ላይ ጭምት ይመስል ነበር። ትንሽ ቆይቶ ጊታሩን ብድግ አድርጎ ከጭንቅላቱ ኋላ አዞረውና ሶሎውን እዚያው ቀጠለ። ሚዜዎቹ አበዱ። አንዲት እናት ነጠላቸውን እያወዛወዙ መጥተው ግንባሩ ላይ ብር ለጠፉለት። ከቪዲዮው ሥር የጻፈው አንድ መስመር ብቻ ነው፦ «ቲቸር፣ አሁንስ ከአሥር ስንት ይሰጡኛል?»

ቀዩን እስክሪብቶ አስቀመጥኩት። የዚያን ቀን ማታ ሌላ ወረቀት አላረምኩም።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ2009 ዓ.ም. ሰኔ ላይ እዚህ ደሴ በማስተምርበት ትምህርት ቤት የወላጆች በዓል ነበር። የተሰጥኦ ውድድርም ነበረበት። ከሦስቱ ዳኞች አንዱ እኔ ነበርኩ፣ «ቲቸር ጊታር ያውቃል» ተብሎ። ልጁ ያኔ 11ኛ ክፍል ነው። ከየት እንደተዋሰው የማላውቀውን ኤሌክትሪክ ጊታር ይዞ ወጣ። ድምፁ ወፍራም፣ ስፒከሩ የተቀደደ። ተጫወተ፣ ተጫወተና በጉልበቱ ተንበረከከ። ከዚያ ተነስቶ ጊታሩን ከማጅራቱ ኋላ አድርጎ ጨረሰው። ግቢው ተናወጠ። ወላጆች ሳይቀሩ ቆመው አጨበጨቡ። እኔ እጄን አጣምሬ ተቀምጬ ነበር። ወረቀቱ ላይ 4 ጻፍኩ። አስተያየት በሚለው ቦታ ደግሞ «ታይታውን ትተህ ጣትህ ላይ ሥራ» አልኩ። ወንበር ላይ ተቀምጣ አንገቷን ሳታቀና ክራር የመታች ልጅ ነበረች፣ ለእሷ 9 ሰጠኋት። እሱ ላይ አሁንም አልጸጸትም፣ ይገባት ነበር።

ሰኞ ዕለት ልጁ መምህራን ማረፊያ በር ላይ ጠበቀኝ። ወረቀቱን አይቶታል። አልተቆጣም፣ ድምፁንም ከፍ አላደረገም። «ቲቸር፣ የሳትኩት ኖታ ነበረ እንዴ?» አለኝ።

አልነበረም። አንድም አልሳተም። እኔም ያንን አውቄዋለሁ፣ እየተከታተልኩት ነበራ። ግን ምን አልኩት መሰላችሁ? «ጉዳዩ የኖታ አይደለም፣ የጠባይ ነው» አልኩት። አንገቱን ደፍቶ ሄደ። ከዚያ በኋላ ሙዚቃ ክበቡ ውስጥ አላየሁትም።

ለዓመታት ያንን 4 ለራሴ ሳስረዳ የነበረው በአስተዳደጋችን ነው። የወሎ ልጅ ጨዋ ነው፣ ቁጥብ ነው፣ «እዩኝ እዩኝ» አይልም፤ ሙዚቃም ለጆሮ እንጂ ለዓይን አይደለም፤ ጥሩ ጊታሪስት ዝም ብሎ ቆሞ ጣቱን ያናግራል። ይሄን ሁሉ አምኜበት ነው የተናገርኩት። የከረመ ሌላ ነገር ግን ከሥሩ ነበረ። እሱን ለመጻፍ ነው ዛሬ የተነሳሁት። አሁንም ሳልጽፈው ዙሪያውን እየዞርኩ መሆኑን ታያላችሁ።

እሺ። በ2005 ዓ.ም. እኔም ባንድ ነበረኝ። በትክክል ለመናገር፣ ባንዱ ነበር እኔም የነበርኩበት። የመምህር ደመወዝ እንደምታውቁት ነው። ዓርብና ቅዳሜ ከሰዓት ጊታሬን በጨርቅ ከረጢት አድርጌ ሚኒባስ እሳፈርና ሐረጎን ቁልቁል ወርጄ ኮምቦልቻ አንድ ሆቴል ውስጥ እጫወት ነበር። ከደሴ ብርድ ወጥታችሁ ቁልቁለቱን ጨርሳችሁ ኮምቦልቻ ስትደርሱ ሹራብ የሚያስወልቀውን ሙቀት ታውቁታላችሁ። ጊታር ደግሞ ይህን አይወድም። ደሴ ላይ የተቃኘ ክር ኮምቦልቻ ሲደርስ ረግቦ ይገኛል። ብረት በሙቀት ይለጠጣል፣ ውጥረቱ ይቀንሳል፣ ድምፁ ይወርዳል። (ይኸው ፊዚክሱ።) ስለዚህ ሁሌ ቀድሜ ደርሼ እቃኝ ነበር። ከስፒከሩ ጎን ጥግ ይዤ እቆማለሁ፤ ዓይኔ ፍሬቱ ላይ ነው፣ ሰው አላይም። አንድም ኖታ እንዳልስት እጠነቀቃለሁ። ብዙም አልስትም ነበር።

በስድስተኛው ሳምንት ባለቤቱ ጠራኝ። ሒሳቤን ቆጥሮ ሰጠኝና «መምህር፣ ጣትህ ጥሩ ነው። ግን ሰው አንተን ሲያይ እንቅልፉ ይመጣል» አለኝ። በእኔ ቦታ የገባው ልጅ ሦስት ኮርድ የሚያውቅ ነበር፣ ይዘላል ግን። አንድ ቅዳሜ ሹልክ ብዬ ሄጄ በር ላይ ቆሜ አየሁት። ቤቱ ሞልቷል።

እንግዲህ ከአራት ዓመት በኋላ አንድ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ፊቴ ቆሞ ሁለቱንም ሲያደርገው፣ እየዘለለም ኖታ ሳይስትም፣ የሰጠሁት 4 ለማን እንደነበር እናንተው ፍረዱ።

አሁን ወደ ጊታሩ ልመለስ። እሱ ይሻለኛል።

ጊታርን ከጭንቅላት ኋላ መጫወት ሲባል ሁላችንም ቶሎ የምናስታውሰው ጂሚ ሄንድሪክስን ነው። እውነትም እ.ኤ.አ. ሰኔ 1967 ሞንትሬይ ላይ ጊታሩን በእሳት ያቃጠለው እሱ ነው። በጥርሱ የተጫወተው፣ በጀርባው የተጫወተው እሱ ነው። ግን ዘዴውን እሱ አልጀመረውም። ቲ-ቦን ዎከር በ1940ዎቹ ከጭንቅላቱ ኋላ አድርጎ ይጫወት ነበር፣ እግሩን ከፍቶ መሬት እየነካ። ከእሱም በፊት የሚሲሲፒው ቻርሊ ፓተን አለ፤ በ1934 የሞተ ሰው ነው። ኤሌክትሪክ የለ፣ ስፒከር የለ፣ ጊታሩን በጉልበቱ መሃልና ከማጅራቱ ኋላ እያደረገ ጭፈራ ቤት ያሞቅ ነበር። ያኔ ሰው የሚከፍለው ለመጨፈር ነው። የጊታሩ ድምፅ ከሰው ጫጫታ ስለማይበልጥ ዓይን መያዝ ነበረበት። ምግብ ነዋ! ስለዚህ «ታይታ» ያልኩት ነገር መነሻው ትዕቢት ሳይሆን እንጀራ ነበር ማለት ነው። የኮምቦልቻው ባለ ሆቴል ይሄን ሳያነብ ያውቀዋል።

የሄንድሪክስ ነገር ደግሞ የሚገርመው፣ ያንን ሁሉ የሚያደርገው በዓለም ላይ ዘዴው የማያስፈልገው አንድ ጊታሪስት መሆኑ ነው። ግራኝ ስለነበር የቀኝ እጅ ጊታር ገልብጦ ይይዛል። ዝም ብሎ ቢቆም እንኳን የሚበልጠው አልነበረም። ኋላ ላይ ሰው ዘዴውን ብቻ ሲጠይቀው ሰልችቶት ነበር። በ27 ዓመቱ፣ በ1970 ሞተ። አሁንም ግን ስሙ ሲነሳ ስንቶቻችን ነን ከሙዚቃው በፊት እሳቱን የምናስታውሰው?

ከዚህ ተቃራኒ ቢቢ ኪንግ አለላችሁ። አይዘልም፣ ዕድሜው ሲገፋ ጭራሽ ተቀምጦ ነበር የሚጫወተው። ግን ፊቱን አይታችሁታል? አንዷን ኖታ ሲጎትታት ዓይኑን ጨፍኖ አፉን የሚያጣምመው፣ ልክ እሾህ እንደሚነቅል ሰው። ያም እኮ ሾው ነው። ልዩነቱ ሾውዋ ግንባሩ ላይ መሆኗ ብቻ ነው። ታዲያ እኔ ቆሜ ፍሬት ሳይ የነበርኩት እንደ ቢቢ ኪንግ ቁጥብ ሆኜ ነበር? አልነበረም። ፈርቼ ነበር።

ኤሲ/ዲሲ የሚባለውን ባንድ ደግሞ ለተማሪዎቼ ስል አልዘለውም። ሊድ ጊታሪስቱ አንገስ ያንግ ዕድሜ ልኩን መድረክ የሚወጣው የተማሪ ዩኒፎርም ለብሶ ነው፤ ቁምጣ፣ ኮት፣ ከረባት፣ ኮፍያ። ሐሳቡ የእህቱ ነበር። (ዩኒፎርም አናደርግም እያላችሁ ስታስቸግሩኝ ለከረማችሁ ሁሉ።) እሱ መድረኩን ሲያካልል ከከበሮው ጎን የማይንቀሳቀስ አንድ ሰው ነበረ፣ ታላቅ ወንድሙ ማልኮም። ሪትሙን የሚይዘው ማልኮም ነበር። ማልኮም ባይቆም አንገስ አይሮጥም ነበር። እኔ ያኔ ሰው ባገኝ ማልኮም እሆን ነበር እያልኩ ራሴን አጽናናለሁ፣ ግን ማልኮምም ሲቆም ከበሮው ጋ ነበር እንጂ ከስፒከር ኋላ አይደበቅም ነበር።

ወደ አገራችን ስንመጣ ነገሩ ይጣፍጣል።

አራቱ ቅኝቶቻችን ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ ናቸው። የወሎ ሰው «አራቱም የኛ ናቸው» ይላል፣ የሌላው አገር ሰው ይስቃል፤ ስለ ሁለቱ ግን ክርክር የለም፣ ስማቸው ራሱ የቦታ ስም ነው። ባቲ ከኮምቦልቻ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አምባሰል ከሐይቅ አልፎ ነው። አሁን ጊታር ያላችሁ አምስተኛው ፍሬት ላይ ላ፣ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል ተጫወቱ። ይሄ አምስት ኖታ ሙዚቀኞቻችን ባቲ ማይነር የሚሉት ነው። የሮክና የብሉዝ ጊታሪስት ደግሞ ማይነር ፔንታቶኒክ ይለዋል፣ መጀመሪያ የሚማረውም እሱን ነው። አንድ ነው! ሄንድሪክስም ቢቢ ኪንግም የሚመላለሱበት ቤት የባቲ ቤት ነው። እርግጥ አገባቡ፣ ማረፊያው፣ ጉሮሮው ይለያያል። አምስቱ ኖታ አንድ ስለሆነ ብቻ ባቲ ብሉዝ ነው የሚል ሰው ካለ በሰኞ ገበያ ቀን ባቲ ሄዶ ይንገራቸው።

ከጭንቅላት ኋላ መጫወት የሚቻለውም በዚህ ምክንያት ይመስለኛል። ባቲ ማይነር ውስጥ የግማሽ ድምፅ ርቀት የለም። ኖታዎቹ ተራርቀው ነው የተቀመጡት፣ ጣትህ አንዱን ፈልጎ ሌላውን ቢያገኝ እንኳ ጆሮ አይቆረቁርም። ቤቷን ጣትህ ካወቃት ዓይንህ አያስፈልግም። አምባሰልን ግን እስቲ ከጭንቅላታችሁ ኋላ ሞክሩት! ዶ ካልን ቀጥሎ ያለው ሬ ቤሞል ነው፣ ከሶል ቀጥሎ ደግሞ ላ ቤሞል። ሁለት ቦታ ግማሽ ድምፅ አለ። በአንድ ፍሬት ከሳታችሁ ሰርግ ቤቱ ባይሰማም አንዲት የአምባሰል እናት ትሰማችኋለች፣ ዞር ብላም ታያችኋለች።

ሁለተኛው ምክንያት ኤሌክትሪኩ ነው። ኢንዳክሽን ሳስተምር ጊታር ይዤ የምገባው ለዚህ ነው። ከክሮቹ ሥር ማግኔት አለ፣ ማግኔቱ በቀጭን ሽቦ ብዙ ሺህ ጊዜ ተጠምጥሟል። የብረት ክሩ ሲንቀጠቀጥ ሽቦው ውስጥ ኤሌክትሪክ ይፈጠራል፤ የፋራዳይ ሕግ ነው። ያ ሲግናል ከመጠን በላይ ሲገፋ ጫፉ ይቆረጣል፣ ዲስቶርሽን የምንለው ይሄ ነው። ያኔ ደካማዋም ድምፅ ጎልታ ትወጣለች፣ ቶሎም አትሞትም። የክራር ድምፅ ተመትታ ወዲያው ትጠፋለች፣ ስለዚህ ክራር መቺ ቀኝ እጁን ማሳረፍ አይችልም። የሮክ ጊታሪስት ግን አንዴ መትቶ ቀኝ እጁን ወደ ሰማይ መወርወር ይችላል፣ ድምፁ ይጠብቀዋል። እነዚያ ሁሉ የእጅ ውርወራዎች የተወለዱት ድምፁ ጊዜ ስለሰጣቸው ነው።

ይሁንና «ይሄ የፈረንጅ ነገር ነው» እንዳትሉኝ፣ እኔም ያልኩት እሱን ነበርና። ማሲንቆውን አንገቱ ኋላ አድርጎ የሚጫወት አዝማሪ በዓይኔ አይቻለሁ። ፎካሪው ምን ያደርጋል? ዘሎ ይገባል፣ ጦሩን ይሰብቃል፣ ወደ ኋላ ይመለሳል፣ እንደገና ዘሎ ይገባል። ማንም «ጨዋ አይደለም» ብሎት አያውቅም። ጌታቸው መኩሪያን አስቡ። ሽለላና ፉከራን ወደ ሳክስፎን ያመጣ ሰው ነው። ከዘፋኝ ጉሮሮ የሚወጣውን ጩኸት በትንፋሹ አወጣው። እንደ ጀግና ለብሶ፣ ጎፈር ደፍቶ መድረክ ላይ ይወጣ ነበር። ጎፈሩ ለማሞኘት አልነበረም። የሚጫወተው ሽለላ ነዋ፣ ሽለላ በሱፍና በከረባት ከተባለ ምኑ ሽለላ ነው? በሰባኛው ዕድሜው አካባቢ ዘ ኤክስ የተባለ የሆላንድ የፓንክ ባንድ ጋር ተገናኘ። ጊታራቸው እንደ ቆርቆሮ የሚጮህ ሰዎች ናቸው። በ2006 እ.ኤ.አ. «ሞዓ አንበሳ» የሚል አልበም አወጡ። አልበሙን የሰማሁት ዘግይቼ ነው፣ በስልክ፣ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሚኒባስ። ሽማግሌው ወጣቶቹን ጊታሪስቶች እየነዳቸው ነበር፣ አልነዱትም።

በ2005 እኔ ጥግ ይዤ ስቆም ጃኖ ባንድ «ኤርታሌ»ን ማውጣቱም ትዝ ይለኛል። ቢል ላስዌል ነው ፕሮዲውስ ያደረገው። በአገር ቅኝት ላይ የተቀደደ የሮክ ጊታር፣ ረጅም ሶሎ፣ ፊት ለፊት የሚዘል አራት ዘፋኝ። ባንዳችን ውስጥ ተከራክረንበታል። እኔ «ጩኸት ነው» ካሉት ወገን ነበርኩ፤ የአይቤክስና የሮሃው ሰላም ስዩም ጊታር፣ ከዘፋኙ ሥር እንደ ምንጭ ውሃ ሳይቋረጥ የሚሄደው ያ ሪትም፣ ለእኔ የጊታር ልክ እሱ ነበር። አሁንም ነው። ግን ሁለቱን መውደድ ይቻል ነበር፣ ማን ከለከለኝ? ፍጥነት ብቻ ይዘው በአንድ ትንፋሽ መቶ ኖታ የሚያፈሱትን አሁንም አልወዳቸውም፣ እሱ ላይ አቋሜን አልቀየርኩም።

2014 ላይ ከደሴ ስንወጣ ጊታሬን ትቼው ወጣሁ። ልጅ ታቅፎ ጊታር የሚሸከም ሰው የለም። ስመለስ ሳጥኑ አለ፣ ክሮቹ የሉም። ከስድስቱ አንዱን የግቢው በር ላይ ታስሮ አገኘሁት፣ ማጠፊያው ተነቅሎ ነበርና በሩን በእሱ ነው ያሰሩት። ማን እንዳሰረው አላውቅም፣ ሥራውን ግን በደንብ ይዟል። አዲስ ክር ሳልገዛለት ይኸው ሦስት ዓመት አለፈ። ልጁም በዚያው ዓመት ኮምቦልቻ ወርዶ ብረት ብየዳ መግባቱን ሰው ነግሮኝ ነበር። ጊታሩን ተወው ብዬ ነበር የማስበው። ያስተውኩት እኔ ነኝ ብዬም አስብ ነበር፣ በተለይ ሌሊት ሌሊት።

ሐሙስ ማታ ቪዲዮውን መጀመሪያ ድምፁን አጥፍቼ አየሁት። ቀጥሎ ስልኩን ገልብጬ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ ሰማሁት። ድምፁ ጠፍቶ ስታዩት ያምራል፤ ሰውነቱ ከከበሮው ጋር ነው የሚሄደው፣ ዝም ብሎ አይወራጭም፤ ጊታሩን ያነሳው ዜማው ራሱ ሲነሳ ነው። ስልኩ ተገልብጦ ሲሰማ ደግሞ ሁለተኛው ክር ትንሽ ረግቧል፣ የኮምቦልቻ ሙቀት ነው መቼም። መጀመሪያ ላይ ባቲውን አሳምሮ ነበር፣ ከጭንቅላቱ ኋላ ሲያደርገው ግን አንድ ሐረግ አራት ጊዜ ደገመ። ምን አለፋችሁ፣ ስድስት ሰባት ጊዜ ደጋግሜ አየሁት። ባለቤቴ «ወረቀቱ አለቀ?» ብላ መጣችና አብራኝ አየች። «ይሄ ያ ልጅ ነው?» አለችኝ። ስለ 4ቱ ነግሬያት ነበር። ስለ ሆቴሉ ግን ያን ዕለት ነው የነገርኳት።

መልስ ልጽፍለት ብዙ ጀመርኩ፣ አጠፋሁ። በመጨረሻ እንዲህ ብዬ ላክሁ፦ «7። ሁለተኛው ክር ረግቧል፣ ጨዋታ ሳይጀመር ቆይተህ ቃኝ። ኋላ አድርገህ ስትጫወት ሐረግ አትደጋግም፣ ሌላም ታውቃለህ። የ2009ኙ 4 ደግሞ ስህተት ነበር፤ አንድም ኖታ አልሳትክም ነበር። ይቅርታ አድርግልኝ።»

ረጅም ጊዜ እየጻፈ መሆኑን ስልኩ ያሳየኛል፣ ይቆማል፣ እንደገና ይጽፋል። የመጣው ግን አጭር ነበር።

«አብሽሩ ቲቸር። ግን ከ4 ወደ 7 ለመድረስ ስምንት ዓመት ፈጀብኝ፣ ወደ 10 ስሄድ ጡረታ ይወጣሉ 😂 ቅዳሜ ሌላ ሰርግ አለን። ጊታርዎን ይዘው ይምጡ፣ ሪትም የሚይዝልን ሰው የለም።»

ዓርብ ከሥራ ስወጣ ፒያሳ ሄጄ ክር ገዛሁ።